የመኖ ሣርን ለበጋ ወራት አዘጋጅቶ የማቆየት አሠራር

በአብዛኛው የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ አካባቢ ዋናው ዝናብ የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በእነዚህ ወራት ሣር በብዛት ይበቅላል፤ በጋው እየገፋ ሲሄድ ግን ግጦሹ ይራቆታል። የመኖ እጥረቱ የሚበረታው ከየካቲት እስከ ግንቦት ሲሆን፣ ይህም በሬዎች ለእርሻ የሚጠመዱበት ጊዜ ነው። ስለሆነም ጉዳቱ በወተት መቀነስና በጥጆች መክሳት ብቻ ሳይወሰን የሚቀጥለውን የመኸር ዝግጅት እስከ ማዘግየት ይደርሳል።

የበጋው መኖ መጠንና ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ሣሩ ገና ለምለም ሳለ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በሚከናወነው ሥራ ነው። ይህ ጽሑፍ አርሶ አደሮችና ከፊል አርብቶ አደሮች በዚያ ጊዜ ሊያከናውኗቸው የሚገቡ ተግባራትን ያብራራል። የዝናብ ወቅታቸው ከዚህ የሚለይ አካባቢዎች የተጠቀሱትን ወራት ከራሳቸው የዝናብ ማብቂያ ጋር አገናዝበው ሊጠቀሙባቸው ይገባል።

1. የሣር ጥራት በጊዜ ብዛት የሚቀንስበት ምክንያት

በሞቃት አገር የሚበቅሉ ሣሮች ሙቀትና እርጥበት ሲያገኙ በፍጥነት ያድጋሉ፤ በዚያው ልክም ቶሎ ይጠነክራሉ። ለጋ ሣር ከደረቅ ክብደቱ ውስጥ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ሊኖረው ይችላል። አብቦ፣ ዘሩን አራግፎ የደረቀ ሣር ግን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ይኖረዋል። በሚያመሰኩ እንስሳት ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ሕዋሳት መኖውን በሚገባ ለማብላላት 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። መኖው ከዚህ በታች ሲሆን እንስሳው ሣር ፊቱ ተከምሮም ቢሆን በቂ አይበላም፤ የበላውም ቶሎ አይፈጭለትም፤ እየከሳም ይሄዳል።

የሌሊቱ ቅዝቃዜም የራሱ ተጽዕኖ አለው። የሙቀት መጠን ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ የእነዚህ ሣሮች እድገት በእጅጉ ይዘገያል። ከኅዳር እስከ ጥር በደጋ አካባቢ የሚጥለው ውርጭ ደግሞ ቅጠላቸውን ያደርቃል። በመሆኑም መሬቱ እርጥበት ቢኖረው እንኳ በእነዚህ ወራት አዲስ እድገት መጠበቅ አያዋጣም።

2. ለአካባቢው የሚስማማ ሣር መምረጥ

ደሾ ሣር፦ አገር በቀል ሲሆን በጋሞ ደጋ በተለይም በጨንቻ አካባቢ በስፋት ይታወቃል። ከ1,500 እስከ 2,800 ሜትር ከባሕር ጠለል በላይ ባሉ ቦታዎች ይለማል። ከነሥሩ በተገነጠለ ቡቃያ ይተከላል፤ በእርከን ላይ ሲተከል አፈርን ከመታጠብ ይጠብቃል።

ሮደስ ሣር፦ በቆላና በወይና ደጋ ይስማማል። መሬት ለመሬት በሚሳቡ ግንዶቹ ስለሚስፋፋ ማሳውን ቶሎ ይሸፍናል። ግንዱ ቀጭን በመሆኑ በቀላሉ ይደርቃል፤ ስለዚህ ለድርቆሽ ተመራጭ ነው። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በለሰለሰ መሬት ላይ ላዩን ሊዘራ ይገባል።

ዝሆኔ ሣር፦ ሞቃትና እርጥበት ባለው አካባቢ ከፍተኛ ምርት ይሰጣል፤ ውርጭ ግን ይጎዳዋል። 3 አንጓ ያለው የግንድ ቁራጭ ተዘጋጅቶ፣ 2ቱ አንጓዎች አፈር ውስጥ ገብተው አንዱ ከላይ እንዲቀር ተደርጎ ይተከላል። ግንዱ ወፍራም ስለሆነ ለድርቆሽ አያመችም፤ በለጋነቱ አጭዶ ለመመገብና ለገፈራ ግን ይስማማል።

3. የሚያስፈልገውን መኖ አስቀድሞ ማስላት

አንድ የቀንድ ከብት በቀን የሚመገበው ደረቅ መኖ በአማካይ የክብደቱን 2.5 በመቶ ያህል ነው። ለአብነት እያንዳንዳቸው 300 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 2 በሬዎችና 250 ኪሎ ግራም የምትመዝን 1 ላም ያሉት ቤተሰብ በድምሩ 850 ኪሎ ግራም ክብደት ያላቸው ከብቶች አሉት። ለእነዚህ በቀን 21 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ መኖ ያስፈልጋል።

ከታኅሣሥ 1 እስከ ሚያዝያ 30 ያሉት 150 ቀናት ሲታሰቡ፣ በሚገባ የደረቀ ድርቆሽም 15 በመቶ ያህል እርጥበት እንደሚይዝ ሲታወቅ፣ የሚያስፈልገው ክምችት ወደ 38 ኩንታል ይጠጋል። ለብክነት 10 በመቶ ሲጨመርበት 41 ኩንታል ያህል ይሆናል። ቤተሰቡ 20 ኩንታል የጤፍ፣ የስንዴ ወይም የገብስ ጭድ ካለው ቀሪውን 21 ኩንታል ከሣር ማዘጋጀት ይኖርበታል ማለት ነው። ስሌቱ በነሐሴ ወር ሲሠራ የጎደለውን ለማሟላት ጊዜ ይገኛል። ክምችቱ እንደማይበቃ አስቀድሞ ከታወቀም የማይፈለጉ ከብቶችን ሳይከሱ፣ በተሻለ ዋጋ ለመሸጥ ያስችላል።

4. ማሳውን ከፋፍሎ ማዘጋጀት

ሣር ለድርቆሽ የሚታጨድበት ተስማሚ ጊዜ ማበብ ከጀመረበት እስከ ግማሽ ያህሉ እስኪያብብ ያለው ነው። በብዙ አካባቢ ግን ይህ ጊዜ ዝናቡ ገና ሳያባራ ይደርሳል። ዝናቡ እስኪያቆም ሲጠበቅ ሣሩ ያረጃል፤ በዝናብ ታጭዶ ሲሰጣም ይበሰብሳል። ችግሩን ለማቃለል ማሳውን በ3 ከፍሎ መያዝ ይመከራል።

ሀ. በዝናብ ወቅት የሚታጨድ፦ ዝሆኔ ሣርና መሰል ወፍራም ሣሮች በነሐሴና በመስከረም በለጋነታቸው ታጭደው ለገፈራ ይውላሉ። ሣሩ ለጥቂት ሰዓታት ከጠወለገ በኋላ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይከተፋል፤ በተዘጋጀ ጉድጓድ ወይም በላስቲክ ከረጢት አየር እስኪወጣ በሚገባ ይጠቀጠቃል፤ ውኃና አየር እንዳያስገባም ይታሸጋል። ከ6 ሳምንት በኋላ ለምግብነት ይደርሳል። ሳይከፈት በደንብ ከታሸገ ለወራት ይቆያል።

ለ. ለድርቆሽ የሚታጨድ፦ ለዚህ የታሰበው ማሳ በክረምቱ አጋማሽ አንድ ጊዜ ቢታጨድ፣ መልሶ የሚያቆጠቁጠው ሣር ዝናቡ በሚያበቃበት ጊዜ ገና ቅጠላም ሆኖ ይገኛል። አጨዳው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ፣ ጤዛ ከረገፈ በኋላ ይከናወናል። ሣሩ በስሱ ተሰጥቶ በየጊዜው እየተገለበጠ ከ2 እስከ 4 ቀናት ይደርቃል። ቅጠሉ እንዳይረግፍ ከመጠን በላይ አለማድረቅ ያስፈልጋል።

ሐ. በቁሙ የሚቆይ፦ ይህ ማሳ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ታጭዶ ወይም ተግጦ ይለቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ከከብት ንክኪ ተከልሎ ይቆያል። ዝናቡ ከማብቃቱ በፊት የሚኖረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሣሩ መልሶ እንዲያድግ ያስችለዋል። ክለላው ከሰኔ ጀምሮ ያለ አጨዳ ከተደረገ ግን የሚገኘው ሣር ብዛት እንጂ ጥራት አይኖረውም።

በማንኛውም አጨዳ ከመሬት በላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ማስቀረት ግዴታ ነው። ሣሩ መልሶ የሚያቆጠቁጠው ከዚህ ቀሪ አካሉና ከሥሩ ነው። ከነሐሴው አጨዳ በኋላ መሬቱ እርጥብ ሳለ በሄክታር ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ ወይም በሚገባ የበሰበሰ ፍግ መጨመር ምርቱንና ፕሮቲኑን ያሻሽላል።

5. የአከማቸት ጥንቃቄ

ድርቆሽ ያለጊዜው ሲከመር ይሻግታል። ክምሩ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀትም እስከ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። በእጅ ተጠምዝዞ ሲጨመቅ እርጥበት የሚሰማበት፣ ግንዱም የማይሰበር ከሆነ ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልገዋል። ክምሩ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከዝናብና ከፀሐይ በተጠለለ፣ ነፋስ በሚያገኝና ከምድጃ በራቀ ቦታ ሊቀመጥ ይገባል። የሻገተ ድርቆሽ ወይም ገፈራ ለእንስሳት መሰጠት የለበትም።

6. በበጋ ወራት የአመጋገብ ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ጥቅም ላይ መዋል ያለበት በቁሙ የቆየው ሣር ነው፤ በፀሐይ፣ በነፋስና በውርጭ ጥራቱ ከሌላው ቀድሞ ይቀንሳልና። ከብቶቹን በአንድ ጊዜ በማሳው ሁሉ መልቀቅ ከሚበሉት ይልቅ የሚረግጡት እንዲበዛ ያደርጋል። ስለዚህ ለውኃ ከሚቀርበው ጫፍ ተጀምሮ የጥቂት ቀናት ግጦሽ ብቻ በአጥር እየከፈሉ ማስገጥ፣ ወይም በገመድ እያሰሩ ማዘዋወር ይመከራል።

ድርቆሽና ገፈራ እጥረቱ ለሚበረታበት ጊዜ ይቆያሉ። ከእነዚህም ቅድሚያ የሚሰጠው ለሚታለቡ ላሞች፣ የመውለጃ ጊዜያቸው ለተቃረበ፣ ለጥጆችና ለእርሻ ለሚጠመዱ በሬዎች ነው። በሬዎችን መቀለብ ቢያንስ ከእርሻው አንድ ወር አስቀድሞ መጀመር አለበት። ከከሱ በኋላ በእርሻ መካከል የሚሰጥ መኖ ጉልበታቸውን ፈጥኖ አይመልስም።

ጭድ ብቻውን አይበቃም። የሰስባንያ፣ የሉኪንያ ወይም የላብላብ ቅጠል፣ ፉርሽካ ወይም የኑግ ፋጉሎ ቢታከልበት ጭዱ ራሱ በተሻለ ሁኔታ ይፈጫል። ለ100 ኪሎ ግራም ጭድ 5 ኪሎ ግራም ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውኃ ውስጥ አሟሙቶ በመርጨትና አየር በማያስገባ ሁኔታ ለ21 ቀናት በመሸፈን ማሻሻልም ይቻላል። ይህ መኖ ከመሰጠቱ በፊት ሽታው እንዲወጣ ይናፈሳል። ከ6 ወር በታች ለሆኑ ጥጆችና ለጋማ ከብቶች አይሰጥም። ዩሪያው በደንብ ካልሟሟ ከብት ሊገድል ስለሚችል ሥራው በመጀመሪያ ጊዜ በባለሙያ እገዛ መከናወን አለበት። ንጹሕ ውኃና አሞሌ ጨው በማናቸውም ጊዜ ሊጓደሉ አይገባም።

7. የወል ግጦሽ መሬት

የወል መሬትን በአንድ ቤተሰብ ጥረት መከለል አይቻልም፤ የተጠቃሚዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ይህ ለሕዝባችን እንግዳ አሠራር አይደለም። የመንዝ ጓሳ ነዋሪዎች የጓሳ መሬታቸውን በራሳቸው ደንብ እየዘጉና እየከፈቱ ለትውልዶች ጠብቀውታል። በቦረናም ካሎ በሚባለው ክልል ውስጥ ለጥጆችና ለደካማ ከብቶች የሚሆን ሣር ለበጋ ይቀመጣል። ተጠቃሚዎች የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ቀን፣ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ድርሻ፣ የጥበቃውን ተራ እንዲሁም ደንብ ለሚተላለፍ የሚጣለውን ቅጣት የዝናቡ ወቅት ከመጀመሩ በፊት በስምምነት ሊወስኑ ይገባል።

8. የምክር አገልግሎት ለማግኘት

ስለ ሣር ዝርያ፣ ስለ ተከላና ስለ መኖ አዘገጃጀት ምክር ለማግኘት በአቅራቢያዎ የሚገኘውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ። ሲሄዱ የከብቶችዎን ብዛትና ዓይነት፣ ለመኖ ሊያውሉት የሚችሉትን መሬት ስፋት፣ ያለዎትን የጭድ መጠን እንዲሁም አካባቢዎ ውርጭ የሚጥልበት መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ቢይዙ የሚሰጥዎት ምክር ከሁኔታዎ ጋር የተስማማ ይሆናል። ችግኝና ቡቃያ ለክረምቱ መጀመሪያ እንዲደርስልዎ ፍላጎትዎን በበጋው ወራት ያስመዝግቡ።