ጀርክ፦ ከአለንጋ እስከ ሊፍት

የእንግሊዝኛው «ጀርክ» ዛሬ ድንገት መንጨቅን፣ መናጥን ይገልጻል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ብቅ ሲል ግን የአለንጋ ምት ማለት ነበር። ስድብ የሆነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ አሜሪካ ውስጥ ነው።

ቃሉን ይበልጥ የተጠነቀቁለት የፊዚክስ ሰዎች ይመስሉኛል፤ ሽምጠጣ (ፍጥነት የሚለወጥበት መጠን) ምን ያህል ቶሎ እንደሚለወጥ ይለኩበታል። የሊፍትና የባቡር መሐንዲሶችም ይገድቡታል። ተሳፋሪን የሚያንገዳግደው ፍጥነቱ ሳይሆን የሽምጠጣው ባንዴ መለወጥ ነውና።

«ጀርክ ዶሮ» የሚባለው የጃማይካ ምግብስ? ድምፁ ቢመሳሰልም ዘሩ ሌላ ነው። የአንዲስ ተራሮች የኬችዋ ተናጋሪዎች ቋንጣቸውን «ቻርኪ» ይሉታል፤ ስፔኖች ቃሉን ተዋሱት፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ለአፋቸው እንዲመች አድርገው ጠመዘዙት።