የብድር መመለሻ ጊዜና የገቢ ወቅት፦ ከጉለሌ ሸማኔ እስከ ገጠሩ አርሶ አደር

መግቢያ

ስለ አነስተኛ ብድር ሲጻፍ ሚዛኑ አብዛኛውን ጊዜ የወለድ መጠንና የተበዳሪ ቁጥር ነው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ግን የመመለሻው ጊዜም የዚያኑ ያህል ወሳኝ ነው የሚል ነው። ለማሳያነት የጉለሌ ክፍለ ከተማን ሸማኔና የገጠሩን አርሶ አደር ጎን ለጎን ይመለከታል።

ዳራ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በዚህ የተነሳ አርሶ አደሩ ባንክ የሚቀበለው መያዣ አልነበረውም። አዋጅ ቁጥር 40/1988 ለአነስተኛ ብድር ተቋማት ሕጋዊ መሠረት ሲጥል፣ የመያዣውን ቦታ የተካው የቡድን ዋስትና ነው። ኋላ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በገጠር፣ አዲስ ብድርና ቁጠባ ተቋም በመዲናዋ በዚሁ መንገድ አበድረዋል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ከብትንና ሰብልን በዋስትና ለማስያዝ በር ከፍቷል።

ሽሮ ሜዳ

በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳና አካባቢው ብዙዎቹ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ የመጡ ወይም የእነዚያ ልጆች ናቸው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን በድሩ መሐል ያመላልሳል። ገበያው የሚደራው ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ነው። ለእንቁጣጣሽ የሚሆነው ነጠላና ቀሚስ ግን በክረምት መሠራት አለበት። ድርና ማግ መግዣ ያጣ ሸማኔ ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፤ ጥለቱን አሳምሮ የጨረሰውን ሥራም ነጋዴው በቆረጠው ዋጋ ያስረክባል። ብድር ቢያገኝም ክፍያው በማግስቱ ወር የሚጀምር ከሆነ፣ ሸማውን ለበዓሉ ማቆየት አይችልም።

የበቆሎው ዓመት

አርሶ አደሩም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚገዛው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ ዕዳው የሚጠየቀው ሁሉም እህሉን ወደ ገበያ በሚያወጣበት፣ ዋጋ በሚወርድበት ሰሞን ነው። በ1994 ዓ.ም. ምርት ተትረፍርፎ የበቆሎ ዋጋ ሲያሽቆለቁል፣ ብዙ አርሶ አደሮች የማዳበሪያ ዕዳቸውን መክፈል አቃታቸው። አዝመራው ሰምሮ ሳለ ዕዳ ያስጨነቃቸው ጎተራቸው ባዶ ስለሆነ አልነበረም።

ውይይት

ወርኃዊ ክፍያ ተበዳሪውን ያሠለጥናል፣ የተቋሙንም ገንዘብ ያንቀሳቅሳል የሚለው ክርክር ክብደት አለው። ሆኖም ሥርዓቱን በየወሩ በሚቆጠብ አነስተኛ ገንዘብ ማስጠበቅ፣ ዋናውን ብድር ደግሞ ገቢው በሚገኝበት ወቅት መሰብሰብ ይቻላል። የቡድን ዋስትና ባለበት ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል፦ አንዱ ሲዘገይ የሚከፍሉት በዕድርና በማኅበር የሚገናኙ ጎረቤቶቹ ናቸው። ያለጊዜው የተጠየቀ ዕዳ ጉርብትናን ያሻክራል።

ማጠቃለያ

ተቋማት የክፍያ መርሐ ግብራቸውን ለአርሶ አደሩ በአዝመራው፣ ለሸማኔው በበዓላቱ ገበያ ልክ ሊቀርጹት ይገባል። እህልን በመጋዘን አስቀምጦ በደረሰኙ መበደር ሲስፋፋ፣ አርሶ አደሩ ዋጋ እስኪሻሻል የመጠበቅ አቅም ያገኛል። ወለዱን አንድ ሳንቲም ሳይቀንሱ እንኳ፣ የመክፈያውን ወር ማስተካከል ብቻ የአምራቹን የመደራደር አቅም ከፍ ያደርጋል።