የብርቱካን ማርማላታ በቤት ውስጥ አዘገጃጀት፦ ለወረታና ለፎገራ ሜዳ ነዋሪዎች

የብርቱካን ማርማላታ ከብርቱካን ጭማቂ፣ ከልጣጩና ከስኳር ተቀቅሎ የሚዘጋጅ፣ በዳቦ ላይ ተቀብቶ የሚበላ ምግብ ነው። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፣ በአገራችን ከሚታወቁት የፋብሪካ ምርቶች አንዱ በአርሲ መርቲ የሚመረተው የላይኛው አዋሽ አግሮ ኢንዱስትሪ ማርማላታ ነው። ወተት፣ ቅቤም ሆነ እንቁላል ስለማይገባበት በጾም ወራት ጭምር ይበላል።

በፎገራ ወረዳ፣ በቁሐር ሚካኤልና በአጎራባች ቀበሌዎች በይበልጥ የሚታወቀው ሩዝ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። ከገበያ ብርቱካን ገዝቶ ማርማላታ ለመሥራት የሚነሣ ቤተሰብ ግን በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያን እንዳለ ቢከተል ድካሙም ስኳሩም ሊባክንበት ይችላል። ምክንያቱ የቦታው ከፍታ ነው።

ውኃ በባሕር ወለል ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ በዚያ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማርማላታ የሚረጋው ሙቀቱ ከውኃ መፍያ ነጥብ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ሲበልጥ ነው። ስለዚህ በብዙ መመሪያዎች «104 ወይም 105 ዲግሪ እስኪደርስ» የሚለው በወረታ 98 ወይም 99 ዲግሪ ማለት ነው። እስከ 105 ዲግሪ የሚጠብቅ ሰው ውኃው ከመጠን በላይ ተኖበት ስኳሩ ያርርበታል፤ ሲቀዘቅዝም ማርማላታው እንደ ከረሜላ ይደርቃል። በአዲስ አበባ ልዩነቱ የባሰ ነው፤ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ መርጊያው 96 ወይም 97 ዲግሪ ይሆናል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው አስቀድሞ በሚፈላ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነክሮ ያነበበውን ቁጥር መዝግቦ 4 ወይም 5 ቢጨምርበት፣ በየትኛውም ቦታ ትክክለኛውን ነጥብ ያገኛል።

ለዝግጅቱ 1 ኪሎ ግራም ያልተበላሸ ብርቱካን፣ የ4 ትናንሽ ሎሚዎች ጭማቂ፣ 2 ሊትር ውኃና 1.5 ኪሎ ግራም ስኳር ያስፈልጋል። ብርቱካኑ በሚገባ ታጥቦ ይጨመቃል፤ ልጣጩም በቀጭን በቀጭኑ ይከተፋል። ፍሬዎቹና ከልጣጩ ሥር የሚፋቀው ነጭ ክፍል መጣል የለባቸውም። ማርማላታውን የሚያረጋው ፔክቲን የሚገኘው በአብዛኛው በእነርሱ ውስጥ ስለሆነ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ተቋጥረው ከልጣጩ፣ ከጭማቂውና ከውኃው ጋር ይዘፈዘፋሉ። ሌሊቱን ቢያድር ይመረጣል።

በማግሥቱ ልጣጩ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ድረስ በመጠነኛ እሳት ይቀቀላል፤ ይህም ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ስኳር የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የገባ ስኳር ልጣጩን ስለሚያጠነክረው ከዚያ ወዲያ ቢቀቅሉት አይለሰልስም። ቋጠሮው ተጨምቆ ይወጣል፤ ስኳሩ በዝግታ ከሟሟ በኋላ እሳቱ ይጨመራል። ድስቱ ሰፊና ከግማሽ በታች የተሞላ ሊሆን ይገባል። ኮምጣጣ ነገር በአሉሚኒየም ድስት ለረጅም ጊዜ ሲቀቀል የብረት ጣዕም ስለሚይዝ የማይዝግ ብረት ድስት መጠቀም ይመረጣል።

ቴርሞሜትር ለሌለው ቤተሰብ ቀዝቃዛ ሳህን በቂ ነው። ስኳሩ መፍላት ከጀመረ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድስቱን ከእሳት አውጥቶ ጥቂት ጠብታ በሳህኑ ላይ ማድረግ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅና በጣት ገፋ ማድረግ ነው። ላዩ ከተሸበሸበ ደርሷል፤ ካልሆነ ለ5 ደቂቃ አፍልቶ እንደገና መሞከር ይገባል።

የደረሰው ማርማላታ አረፋው ተገፎ 10 ደቂቃ ያህል ካረፈ በኋላ፣ ታጥበው በፈላ ውኃ ወደ ተቀቀሉና ገና ትኩስ ወደ ሆኑ የመስታወት ብልቃጦች ይገለበጣል። ከአፉ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይተዋል፤ አፉ ተጠርጎም በዝገት ባልተበላ ክዳን ይዘጋል። ብልቃጦቹ ከሥሩ ጨርቅ በተነጠፈበት ድስት፣ ክዳናቸውን በሚሸፍን የሚፈላ ውኃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ይቆያሉ። በቆላና በባሕር ጠረፍ 5 ወይም 10 ደቂቃ ይበቃ ነበር፤ በከፍታ ቦታ ግን የሚፈላው ውኃ ሙቀቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ጊዜው ይረዝማል።

እዚህ ላይ በተለይ ለፎገራ አርሶ አደሮች መነገር ያለበት ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ ዘዴ የሚሠራው ብርቱካን ኮምጣጣ ስለሆነና ስኳሩም ብዙ ስለሆነ ነው። ገበያ ያጣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ ወይም ሌላ አትክልት በዚሁ መንገድ በብልቃጥ አሽጎ ማስቀመጥ ለሕይወት አደገኛ ነው። ኮምጣጣነት በሌለውና አየር በማይገባው ምግብ ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን ሕመም የሚያስከትል መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል፤ ዘሩም በፈላ ውኃ አይሞትም። መርዙ መኖሩ ሁልጊዜ በሽታም ሆነ በመልክ አይታወቅም። ቲማቲምም ኮምጣጣነቱ እንደ ዝርያውና እንደ ብስለቱ ስለሚለያይ ያለ ባለሙያ ምክር በዚህ ዘዴ ሊታሸግ አይገባም።

ለጣዕም ወይም ለቁጠባ ሲባል ስኳሩን በግማሽ መቀነስም ማርማላታው እንዳይረጋና ቶሎ እንዲሻግት ያደርጋል። የሻገተ ማርማላታ ላዩ ብቻ ተገፎ አይበላም፤ ብልቃጡ በሙሉ ይጣላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት በትናንሽ ብልቃጦች ማሸግና የተከፈተውን ቶሎ መጨረስ ይሻላል። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከመመገባቸው በፊት የጤና ባለሙያ ሊያማክሩ ይገባል።

ለቤተሰብ ፍጆታ ማርማላታ ለማዘጋጀት ፈቃድ አያስፈልግም። ለሽያጭ ማምረት የሚፈልግ ግን የንግድ ፈቃድ ሊያወጣ፣ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረትም የምግብ ደኅንነት መስፈርቶችን ሊያሟላ ይገባል። ስለ ፈቃዱ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ስለ ምርት አያያዝ የቀበሌው የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ስለ ቤት ውስጥ የምግብ ንጽሕና ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሊጠየቁ ይችላሉ።