«ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!»

በደላንታ ደጋ፣ በወገል ጤናና በዙሪያዋ፣ የሰው ግቢ ዘው ተብሎ አይገባም። ከአጥሩ ወዲያ ቆማችሁ «ቤቶች!» ትላላችሁ። መልሱ ከዘገየና የውሻው ጩኸት ከበረታ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ «ውሻ ያዙልኝ!» ትላላችሁ። አንድ ልጅ ሮጦ ይወጣል፤ ውሻውን አንገቱን ይይዘዋል ወይም ድንጋይ አንስቶ ወደ ጓሮ ይሰደዋል፤ ያን ጊዜ ትገባላችሁ። በዋድላም በላስታም ያው ነው።

እኛ ይህን ልማድ ከጨዋነት በላይ አድርገን ነው የምናየው። መጪው ማንነቱን ይናገራል። ባለቤቱ ማን እንደመጣበት ያውቃል፤ ልብሱን ለማስተካከልም ሆነ ልጆቹን ለመሰብሰብ ትንሽ ፋታ ያገኛል። ማዘዣ የሚባል ወረቀት ከመምጣቱ በፊት የነበረ የደጃፍ ሕግ ነው፤ የዚህ ሕግ ዘበኛ ደግሞ ውሻው ነው። (ስሙን ስድብ አድርገነዋል፣ ቤተ ክርስቲያን አናስገባውም፤ ሌሊቱን ግን ከጅብና ከሌባ የሚጠብቀን እሱ ነው። ውለታ ላይ ጎበዝ አይደለንም።)

ታዲያ የሚመጣው እንግዳ ሳይሆን የመንግሥት ሰው ሲሆንስ? «ውሻ ያዙልኝ» ይላል ወይስ ይተኩሳል?

ጥያቄው ስለ ውሻ ቢመስልም በአገራችን የብርበራ ታሪክ ውስጥ ያለፈ ጥያቄ ነው። ሌባ ሻይን አስታውሱ። ሌብነት ሲፈጸም አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ራሱን ሲስት ወገቡ ላይ በታሰረ መቀነት እየተመራ በመንደሩ ይለቀቃል። ከቤት ቤት ይገባል፤ ሄዶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፣ ይከፍላል። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ይህ በሹማምንት የታወቀ የምርመራ መንገድ ነበር። ተጠርጣሪው የሚታወቀው ቤቱ ከተገባ በኋላ ነው፤ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» የሚል የለም። የሚገርመው ደግሞ በገመድ የሚመራው ፈታሹ ራሱ መሆኑ ነው።

ደላንታ ራሷ በሌላ ዓይነት ብርበራ ታሪክ ውስጥ አለችበት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከዘረፈ በኋላ የተገኘው ዕቃ ሁሉ እዚሁ ደላንታ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሁለት ቀን ሙሉ በጨረታ ተሸጠ። ገንዘቡ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ዝርዝሩ በሥርዓት ተይዟል፤ ለባለቤቶቹ ግን ደረሰኝ የሰጠ አልነበረም።

ነገሩን በወረቀት ለማስተካከል የሞከረው በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ደረቅ ጽሑፍ ነው፤ ብርበራን የሚመለከቱትን አንቀጽ 32ንና 33ን ግን ደጋግመን ብናነባቸው አይቆጨንም። ፖሊስ፣ ተለይተው ከተጠቀሱ አስቸኳይ ሁኔታዎች በቀር፣ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ቤት አይበረብርም። ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ ይጠቅሳል፤ ከዚያ ውጭ መውሰድ ክልክል ነው። የተያዘው ዕቃ ተዘርዝሮ፣ ሲቻል፣ ገለልተኛ ሰው ይፈርምበታል። ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው።

ይህችን የሰዓት ገደብ ልብ በሉልን። ውሻ በየትኛው ሰዓት ነው የሚፈታው? በአብዛኛው ግቢ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሲመሽ ይለቀቃል። ሕግ አርቃቂዎቹ ስለ ውሻ አስበው ይሆናል አንልም። ግን ቀን የሚመጣና ማዘዣ የያዘ ፖሊስ የታሰረ ውሻና የነቃ ባለቤት ያገኛል፤ ሌሊት አጥር ዘሎ የሚገባው ደግሞ የሚጠብቀውን ያገኛል። ውሻ የደንብ ልብስ አይለይም፤ ለእሱ በጨለማ አጥር የዘለለ ሁሉ ሌባ ነው።

ሕጉ በመጽሐፍ ላይ እያለ መጋቢት 1969 ዓ.ም. ደረሰ። ደርግ ከመጋቢት 14 ጀምሮ ለቀናት አዲስ አበባን ቤት ለቤት አሰሰ። ወታደሩም የቀበሌ ታጣቂውም ነበረበት። የሚፈለገው መሣሪያ፣ የጽሕፈት መኪና፣ የወረቀት ማባዣና የኢሕአፓ ጽሑፍ ነበር። ለአንድ ቤት፣ ለአንድ ዕቃ የሚጻፈው ማዘዣ ከተማ ሙሉ ሲበረበር ትርጉም አጣ። «አሰሳ» የሚለው ቃል እስከዛሬ እናቶቻችንን የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ላይ የመኖሪያ ቤት ከብርበራ መጠበቅ መብት ሆኖ ሲጻፍ ከጀርባው ይህ ሁሉ ነበረ።

«ሰው በሚሞትበት አገር ስለ ውሻ ታወራላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ተገቢ ቁጣ ነው። በአሰሳው የወደቁትን ወጣቶች ከውሻ ጋር የሚመዝን ጤነኛ የለም። እኛ የምንለው ሌላ ነው፤ ውሻው በር ላይ የሚገኘው የመጀመሪያው ነፍስ ነው። በሩ ላይ የተያዘው ጠባይ ሳሎን ውስጥ አይቀየርም። የፖሊሱም ፍርሃት ቀልድ አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር፣ ለአሥርት ዓመታት በሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን የክትባት መርፌ የሚያስታውስ ሁሉ ይገባዋል። ለዚህ ግን «ውሻ ያዙልኝ» የሚባል መድኃኒት ነበረን።

ጉዳዩ በፍርድ ቤት ተፈልፍሎ የወጣው አሜሪካ ነው። በጥር 1998 እ.ኤ.አ. የሳን ሆሴ ከተማ ፖሊሶች የሞተር ሳይክል ማኅበር አባላትን ቤት ሲበረብሩ ሦስት ውሾች ገደሉ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2005 የጠየቀው ቀላል ጥያቄ ነበር፤ ውሾች እንዳሉ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ታውቁ ነበር፣ ከመግደል ሌላ ምን አሰባችሁ? አሳማኝ መልስ አልተገኘም። ፍርድ ቤቱም ውሻ እንደማንኛውም ዕቃ የሚታይ እንዳልሆነ ተናገረ፤ ፖሊሶቹም ከክስ የሚከለል ከለላ ተነፈጉ።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ሐበሻ ከሚበዛበት ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ሳይርቅ፣ በርዊን ሃይትስ በምትባል የሜሪላንድ ትንሽ ከተማ፣ ፖሊሶች የከንቲባውን የቼይ ካልቮን ቤት ሰብረው ገቡ። ቀኑ ሐምሌ 22 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር። ምክንያቱ በባለቤታቸው ስም በፖስታ የተላከ ማሪዋና ነው፤ አዘዋዋሪዎች የማያውቋቸውን ሰዎች አድራሻ ይጠቀሙ እንደነበር የታወቀው በኋላ ነው። ፔይተንና ቼዝ የተባሉት ሁለት ላብራዶሮች እዚያው ተገደሉ። ቤተሰቡ ንጹሕ ነበር።

ከንቲባው ዝም አላሉም። በ2009 እ.ኤ.አ. ሜሪላንድ ልዩ ኃይል የሚያሰማራ ፖሊስ ሁሉ በየስድስት ወሩ ሪፖርት እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ስንት ጊዜ እንደወጡ፣ በየትኛው ሥልጣን እንደገቡ፣ መሣሪያ መተኮሱን፣ ሰው መጎዳቱን፣ እንዲሁም የቤት እንስሳ መጎዳቱን ወይም መገደሉን እንዲሞሉ ተደረገ። ሕጉ በ2014 ጊዜው አበቃና አልታደሰም።