ከዳ ወይስ ገባ

በቀድሞው ዘመን በአገራችን አንድ መኰንን ጌታውን ትቶ ወደ ሌላ ጌታ የሄደ እንደ ሆነ፣ ስለዚሁ ስለ አንዱ ሥራው ሁለት ቃል ይነገር ነበር። ትቶት የሄደው ሰፈር «እገሌ ከዳ» ይላል፤ የተቀበለው ሰፈር ደግሞ «እገሌ ገባ» ይላል። ሰውዬው አንድ፣ በቅሎው አንድ፣ የሄደበትም መንገድ አንድ ነው፤ ነገር ግን ባንደኛው ድንኳን ስሙ ሲረገም በሁለተኛው ድንኳን ፍሪዳ ይጣልለታል። ከሁለቱ ቃላት አንዱም ሰውዬው ስለ ምን እንደ ሄደ አይነግረንም። የሚነግሩን ተናጋሪው የቆመበትን ቦታ ብቻ ነው።

ይህንን ያነሣሁት ስለ ጥንት መኳንንት ለመጻፍ ብዬ አይደለም። ፓርቲ የሚባለው የፖለቲካ ማኅበር ባለበት አገር ሁሉ ነገሩ ዛሬም ያው ስለ ሆነ ነው። አገርን ለወራሪ አሳልፎ መስጠት ሌላ ጕዳይ ነው፤ እርሱ ሁለት ስም የለውምና ከዚህ ጋራ አይደባለቅ። እኔ የምናገረው ባንድ አገር ውስጥ፣ ባንድ ሕግ ሥር፣ ሕዝብ መርጦት በምክር ቤት የተቀመጠ እንደራሴ ማኅበሩን ሲለውጥ መራጮች ስለሚያሳዩት ጠባይ ነው። ለዚህም የእንግሊዙን የዊንስተን ቸርችልን ነገር መርጫለሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ቸርችልን ብዙ ሰው የሚያውቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር በመሆኑ ነው፤ በወጣትነቱ ግን «የብሌንም አይጥ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ብሌንም የተወለደበት የዘመዶቹ ቤተ መንግሥት ነው። አይጥ የተባለበትም ምክንያት፣ እንግሊዞች አይጥ ሊሰጥም ያለውን መርከብ ቀድማ ትለቃለች ስለሚሉ፣ ማኅበሩን የሚለውጠውን ሰው በዚሁ ስም ስለሚጠሩት ነው። ይህን ስድብ የፈጠሩ ሰዎች የራሳቸው መርከብ ሊሰጥም መሆኑን ሳያውቁት እየመሰከሩ ነበር።

ቸርችል ኮንሰርቫቲቭ ሆኖ ተወለደ ማለት ይቻላል። አባቱ ሎርድ ራንዶልፍ ቸርችል በዚሁ ማኅበር በ1886 የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ በጥቂት ወራት ውስጥ ሥልጣኑን የለቀቀ ሰው ነው። ልጁ በ1899 ኦልደም በምትባል የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ተወዳድሮ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የጦርነት ወሬ ጸሐፊ ሆኖ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ፤ ቦየሮች ማረኩት፤ ከእስር ቤት አምልጦ ስሙ በየጋዜጣው ተነሣ። በ1900 ተመልሶ በዚያችው በኦልደም ተወዳደረና ተመረጠ። ኦልደም ሁለት እንደራሴዎች የምትልክ ስለ ነበረች እያንዳንዱ መራጭ ሁለት ድምፅ ነበረው። ከፍተኛውን ድምፅ ያገኘው የሊበራሉ ተወዳዳሪ ነበር፤ ቸርችል ሁለተኛ ሆኖ ሲያልፍ ከሦስተኛው ሰው የበለጠው በ222 ድምፅ ብቻ ነው። ከእርሱ ጋራ ያንኑ ማኅበር ይዞ የቀረበው ባልንጀራው ደግሞ ከእርሱ 400 ያህል ድምፅ አንሶ ወደቀ። እንግዲህ ከመራጮቹ ጥቂቶቹ ማኅበሩን ሳይሆን ሰውዬውን መርጠዋል ማለት ነው። እነዚህም ጥቂቶች ባይኖሩ ኖሮ ባላለፈ ነበር። ይህንን ቍጥር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ «ወንበሩ የማን ነው» የሚል ነገር ስለሚነሣ ነው።

ጠቡ የመጣው በቀረጥ ነው። እንግሊዝ በ1846 ከውጭ በሚገባው እህል ላይ የነበረውን ከባድ ቀረጥ ከሻረች ወዲህ ንግድዋን ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርጋ ትኖር ነበር። ያን ጊዜ ቀረጡን የሻረው ሰር ሮበርት ፒል ራሱ ኮንሰርቫቲቭ ነበረ፤ አብዛኞቹ የማኅበሩ እንደራሴዎች ግን ተቃወሙትና ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ፤ እርሱም በዚያው ዓመት ከሥልጣን ወረደ። ከዚያ ወዲህ ኀምሳ ዓመት አልፎ፣ በግንቦት 1903 ጆሴፍ ቻምበርሌይን የተባለው የቅኝ ግዛት ሚኒስትር በበርሚንግሃም ከተማ ባደረገው ንግግር፣ ከባዕድ አገር በሚመጣው ዕቃ ላይ ቀረጥ እንዲጣልና ለእንግሊዝ ግዛቶች ቅናሽ እንዲደረግ ሐሳብ አቀረበ። ተራው ሕዝብ ነገሩን በዳቦ መዘነው። ሊበራሎች በየስብሰባው አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ዳቦ እያሳዩ፣ ትልቁ ያለ ቀረጥ፣ ትንሹ ከቀረጥ ጋራ የሚገኘው ነው ይሉ ነበር። የኦልደም ሕዝብ ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ጥጥ ፈትሎ የሚኖር ነው። ቸርችልም ገና ከመጀመሪያው ይህንን ሐሳብ ተቃወመ።

አሁን የማወራው ነገር በጣም ይደንቀኛል። ቸርችልን «አይጥ» የሚሉት ኮንሰርቫቲቮች የሚከተሉት ቻምበርሌይን ራሱ ማኅበሩን የለወጠ ሰው ነበር! በ1886 ግላድስቶን ለአየርላንድ የራስዋ ምክር ቤት ይሰጣት ባለ ጊዜ፣ ቻምበርሌይን የሊበራልን ማኅበር ትቶ ወጣ፤ በ1895 ደግሞ በኮንሰርቫቲቮች መንግሥት ውስጥ ሚኒስትር ሆነ። በሐምሌ 1893 በምክር ቤቱ ሲናገር፣ ቲ. ፒ. ኦኮነር የተባለ የአየርላንድ እንደራሴ «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸበት፤ ወዲያው እንደራሴዎቹ በአዳራሹ መካከል ቡጢ ተሰናዘሩ። ያን ጊዜ ኮንሰርቫቲቮች ቻምበርሌይንን ለኅሊናው የቆመ ጀግና ነው ብለው አቀፉት፤ ሊበራሎች ግን ረገሙት። ዐሥር ዓመት ያህል ሲያልፍ ሊበራሎች ቸርችልን ለኅሊናው የቆመ ጀግና ነው ብለው ሲያቅፉት ኮንሰርቫቲቮች ረገሙት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስል ማለት ይህ ነው። ስለ ቻምበርሌይን የተናገሩትን ቃል ስለ ቸርችል ደግመው ለመናገር የደፈሩ ሰዎች ከሁለቱም ወገን እጅግ ጥቂት ናቸው። ይሁን እንጂ ሚዛን ሚዛን የሚባለው ጌሾንም ወርቅንም ባንድ ድንጋይ ሲመዝን ነው።

በኦልደም የኮንሰርቫቲቭ ማኅበር በጥር 1904 ተሰብስቦ በቸርችል ላይ እምነት የለንም ሲል ወሰነ። ቸርችልም መልስ ሲሰጥ፣ ከፈለጋችሁ ወንበሩን እለቃለሁ፤ ምርጫው ይደገምና ሕዝቡ ይፍረድ አለ። ማኅበሩ ግን ይህን አልፈለገም፤ ምክንያቱም ምርጫው ቢደገም ሊበራሎች ያሸንፋሉ ብሎ ስለ ፈራ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። የኦልደም ኮንሰርቫቲቮች ቅሬታ በመሠረቱ እውነት ነበረው፤ አንድን ሰው በአንድ ስም ልከውት በሌላ ስም ሲናገር ሰምተዋል። መራጭ ሆኜ ብሆን እኔም ቅር ይለኝ ነበር። ነገር ግን በደል የተሠራበት ሕዝቡ ነው ካሉ፣ ለሕዝቡ መልሰው እንዲያቀርቡት ዕድል ሲሰጣቸው እንቢ ማለታቸው፣ ያዘኑት ለሕዝቡ እንዳልነበረ ያሳያል። ያዘኑት ለወንበሩ ነው።

መጋቢት 29 ቀን 1904 ቸርችል ለመናገር ከወንበሩ ሲነሣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባልፎር ተነሥቶ ከአዳራሹ ወጣ። ሚኒስትሮቹ ተከተሉት፤ ከኋላቸው ያሉት እንደራሴዎችም ተነሥተው ወጡ፤ ጥቂቶቹም እያፌዙ በር ላይ ቆዩ።  በግንቦት 31 ቀን ቸርችል ወደ አዳራሹ ገብቶ የመንግሥቱን ወገን ወንበር ትቶ ወደ ማዶ ተሻገረና ከሎይድ ጆርጅ አጠገብ ተቀመጠ። በዚያ ምክር ቤት ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ስለሚቀመጡ ማኅበር መለወጥ ማለት በሰው ሁሉ ፊት ጥቂት እርምጃ መራመድ ነው። ሊበራሎች አስቀድመው በሚያዝያ ወር ለሰሜን ምዕራብ ማንችስተር ተወዳዳሪ እንዲሆን ጠርተውት ስለ ነበር መሬቱን ሳያይ የዘለለ ሰው አይደለም።

ስለ ሐሳቡ ንጽሕና ብዙ ተከራክረዋል። ጠላቶቹ ባልፎር ሹመት ስለ ነፈገው ነው የሄደው አሉ። በእርግጥም ሊበራሎች በታኅሣሥ 1905 መንግሥት ሲይዙ የቅኝ ግዛት ምክትል ሚኒስትር አድርገውታል። ወዳጆቹ ደግሞ ለነፃ ንግድ ሲል ብቻ ነው አሉ። የሰው ልብ ግን አንድ ክር ብቻ ያለው ድር አይደለም፤ እምነትና ምኞት ባንድ ልብ ውስጥ ተጠላልፈው መኖራቸውን ለመቀበል የሚቸገረው ወገን የያዘ ሰው ብቻ ነው። እኔ ቸርችልን የምወቅሰው በሌላ ነገር ነው። በጥቅምት 1903 ለወዳጁ ለሎርድ ሂው ሴሲል አንድ ደብዳቤ ጽፎ ሳይልከው ቀርቷል፤ በደብዳቤውም ልቡ የሊበራል መሆኑንና የራሱን ማኅበር ከነሰዎቹ ከነሥራቸው እንደሚጠላ ገልጿል። ከዚያ ቀን እስከ ግንቦት 31 ሰባት ወር አለ። እንዲህ ያለውን ጥላቻ በሣጥን ቈልፎ ከሚጠላቸው ሰዎች ጋራ ሰባት ወር ባንድ ወገን መቀመጥ፣ በግልጽ ተነሥቶ ከመሻገር የባሰ ነገር ይመስለኛል። ሕዝቡ ግን የተቈጣው በመሻገሩ ነው፤ ምክንያቱም በዐይን የሚታየው እርሱ ነው።

ደብዳቤው ሊላክለት የነበረው ሂው ሴሲል ሊታወስ የሚገባው ሰው ነው። እርሱም እንደ ቸርችል የነፃ ንግድ ወዳጅ ነበር፤ ነገር ግን በሌላው ነገር ሁሉ፣ ከሁሉ ይልቅ በቤተ ክርስቲያን ጕዳይ፣ ኮንሰርቫቲቭ ስለ ነበር ማኅበሩን አልለቅም ብሎ ቀረ። ታዲያ ታማኝነቱ ምን ጠቀመው? በ1906 በግሪኒች ሲወዳደር የራሱ ወገን የቀረጥ ደጋፊ የሆነ ሌላ ሰው አቆመበት፤ ድምፁም ተከፈለና ሊበራሉ አሸነፈ። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነ። ይህን ሳይ የመራጮቹ ቍጣ በመክዳት ላይ ነበር የሚለውን ነገር ማመን ያስቸግረኛል። ያልከዳውንም ቀጥተውታልና። ያስቈጣቸው ብቻውን ማሰቡ ነው።

በዚያው በጥር 1906 ምርጫ ሊበራሎች ከኮንሰርቫቲቮች ከእጥፍ የሚበልጥ ወንበር አገኙ። ቸርችል በማንችስተር በ1,241 ድምፅ ብልጫ ሲያልፍ፣ ጥሎት የወጣው ባልፎር በዚያችው ከተማ ወንበሩን አጣ። በምርጫው ዘመቻ ጊዜ ቀድሞ ሊበራሎችን የሰደበበትን ቃል ሰብስበው ባሳተሙበት ጊዜ ቸርችል አልካደም። በዚያ ማኅበር ሳለሁ ብዙ የቂል ነገር ተናግሬአለሁ፤ የወጣሁትም የቂል ነገር መናገር ስለ ሰለቸኝ ነው የሚል መልስ ሰጠ። ሕዝቡ ሳቀ። ሳቅ ግን እንደ ዳኝነት አይጸናም፤ በ1908 ሚኒስትር ሆኖ በተሾመ ጊዜ በዘመኑ ሕግ መሠረት እንደ ገና መመረጥ ነበረበትና በዚያችው ማንችስተር በዊልያም ጆይንሰን ሂክስ በ429 ድምፅ ተሸነፈ። ኮንሰርቫቲቮች ያን ቀን እንደ በዓል ቈጠሩት። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በስኮትላንድ በዳንዲ ከተማ ተመረጠ።

ወንበሩ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ አገሮች የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። በእንግሊዝ ሕግ የእንደራሴው ነው፤ ማኅበሩን ቢለውጥ ወንበሩን አይነጠቅም። በሕንድ በ1967 በሀርያና ጋያ ላል የተባለ እንደራሴ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ማኅበሩን ስለ ለወጠ መሳቂያ ሆኖ ነበር፤ በ1985 ግን ማኅበሩን በፈቃዱ የሚተው እንደራሴ ወንበሩን ያጣል የሚል ሕግ ወጣ። በእኛም አገር፣ በእኛ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 መራጩ ሕዝብ እምነት ያጣበት እንደራሴ በሕግ መሠረት ከአባልነቱ እንዲወገድ ይፈቅዳል። ይህ ቃል እምነቱን ያስቀመጠው በመራጩ ዘንድ ስለ ሆነ እኔ ከሕንዱ ይልቅ እወደዋለሁ። ችግሩ መራጩ በልቡ ድምፅ መስጫ ሳጥን ዘንድ ሲደርስ የሰውዬውን ሥራ ትቶ የቆመበትን ድንኳን ብቻ የሚያይ ከሆነ ነው።

ለቸርችልስ ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ1922 በዳንዲ ተሸነፈ፤ ካሸነፉት ሰዎች አንደኛው ኤድዊን ስክሪምጆር ሲሆን፣ ይህ ሰው መጠጥ በሕግ ይከልከል የሚለውን አንድ ሐሳቡን ይዞ ከ1908 ጀምሮ በዚያችው ከተማ ሳይሰለች እየተወዳደረ በስድስተኛው ጊዜ የተሳካለት ነው። ቸርችል ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ አንደኛውም በ43 ድምፅ ብቻ ነው። በጥቅምት 1924 በኮንሰርቫቲቮች ድጋፍ በኤፒንግ ቀርቦ ከዘጠኝ ሺህ በሚበልጥ ድምፅ አለፈ። የኤፒንግ ኮንሰርቫቲቮች ከዳ አላሉም፤ ገባ አሉ። በሚቀጥለው ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባልድዊን የአባቱን ሹመት ሰጠው፤ አባቱ በገንዘብ ሚኒስትርነት የለበሰውን፣ እናቱ ጠብቃ ያኖረችውን ካባ አውጥቶ ለበሰ። በዚያ መንግሥት የአገር ግዛት ሚኒስትር የነበረው በማንችስተር ያሸነፈው ጆይንሰን ሂክስ ነው። የውጭ ጕዳይ ሚኒስትሩ የዚያ የቻምበርሌይን ልጅ ኦስተን ነው። በ1925 ደግሞ ባልፎር ሸምግሎ ወደ ሚኒስትሮቹ ጉባኤ ተመለሰና ከቸርችል ጋራ ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠ፤ አራት ዓመትም አብረው ሠሩ።