ስለ መዘምራን መጠራትና ስለ ቅዱስ ያሬድ

በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ፥ በምዕራፍ ፳፭፥ ዳዊት የአሳፍን የኤማንንና የኤዶታምን ልጆች ለማሕሌት እንደ ለያቸው ተጽፏል። ዜማ የሚያውቁት ቍጥራቸው ፪፻፹፰ ነበረ። በ፳፬ ክፍል ተከፈሉ፤ በእያንዳንዱም ክፍል ፲፪ ሰው ገባ። ታናሽ ከታላቅ፥ መምህር ከተማሪ ሳይለይ ሁሉም ዕጣ ተጣጣሉ። ዕጣ መጣላቸው ስለ ምን ነው ቢሉ፥ የአገልግሎትን ተራ የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው እንጂ የሰው ፊት አይደለም ሲል ነው። አንድም፥ የመምህሩ ዕጣ ከተማሪው ዕጣ ጋር መቀላቀሉ መምህር ያለ ተማሪ፥ ተማሪም ያለ መምህር አይቆምምና ነው። አንድም፥ ክፍላቸው ፳፬ መሆኑ የ፳፬ቱ ካህናተ ሰማይ ምሳሌ ነው።

እንግዲህ ሰው ለማሕሌት መጠራቱን በምን ያውቀዋል ቢሉ፥ የቅዱስ ያሬድ ነገር ያስረዳል።

ታሪክ። ቅዱስ ያሬድ በ፮ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረ ነው። ስንክሳር በግንቦት ፲፩ ቀን እንደሚናገረው፥ የአክሱም ካህን የአባ ጌዴዎን ዘመድ ነበረ። መዝሙረ ዳዊትን ይማር ዘንድ ለጌዴዎን ቢሰጡት ቃሉን መያዝ ተሳነው። መምህሩ ቢገርፈው ሸሽቶ ወደ በረሃ ሄደ። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ወደ ዛፉ ሲወጣ አየ። ትሉ እኩሌታ ደርሶ ይወድቃል፤ ወድቆም እንደ ገና ይነሣል። ብዙ ጊዜ ከወደቀ በኋላ በጭንቅ ከላይ ደረሰ። ያሬድም ይህን አይቶ ራሱን ገሠጸ፤ ተመልሶ መምህሩን ይቅርታ ለመነ፤ ከዚያ ወዲያ ብሉይንና ሐዲስን አወቀ፥ ዲቁናም ተሾመ።

ከዚህ በኋላ ከኤዶም ገነት ፫ አዕዋፍ መጥተው በሰው ቋንቋ ተናገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ነጥቀው ወሰዱት፤ በዚያም የ፳፬ቱን ካህናተ ሰማይ ማሕሌት ተማረ ይላል። አዕዋፍ የመጡት ትሉ ከታየ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። ስለ ምን ቢሉ፥ ትል በምድር የሚሳብ ነው፥ ወፍ በሰማይ የሚበር ነው፤ በምድር በትዕግሥት ያልተማረ የሰማዩን ምሥጢር አይቀበልምና ነው። አንድም፥ ትሉ የድካም፥ አዕዋፍ የጸጋ ምሳሌ ናቸው፤ ሦስት መሆናቸውም የግዕዝ የዕዝልና የአራራይ ምሳሌ ነው።

ወደ አክሱም ተመልሶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያዜም፥ ንጉሡ ዐፄ ገብረ መስቀልና ንግሥቲቱ፥ ጳጳሱም ከካህናቱ ጋር ሊሰሙ መጡ። አንድ ቀንም ያሬድ በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩን ወጋው፤ ብዙ ደም ሲፈስሰው ማሕሌቱን እስኪፈጽም አልተሰማውም። ንጉሡም ደንግጦ ስለ ደሙ ዋጋ የወደደውን እንዲለምን ፈቀደለት። ያሬድ ግን ወርቅም ሹመትም አልፈለገም፤ መንኵሶ ይሄድ ዘንድ ስንብት ለመነ። ንጉሡም እያዘነ አሰናበተው፤ እርሱም ወደ ሰሜን ሄዶ በጾምና በጸሎት ተወስኖ ኖረ። ስለዚህ መጠራት በ፪ ነገር ይታወቃል፤ ሲቸገሩ ከትምህርት ባለመቅረት፥ ሲከበሩም ማሕሌትን በዋጋ ባለመለወጥ ነው።

ያሬድ ሲሄድ ዜማው ስለ ምን አብሮ አልሄደም ቢሉ፥ በደቀ መዛሙርት ልብ አድሮ ነው። ድጓው፥ ጾመ ድጓው፥ ዝማሬው፥ መዋሥዕቱና ምዕራፉ ከአፍ ወደ ጆሮ እየተላለፉ ኖሩ። ዐፄ ገላውዴዎስ ከ፲፭፻፴፫ እስከ ፲፭፻፶፩ ዓ.ም. በነገሡበት ዘመን፥ የግራኝ ጦርነት ብዙ መጻሕፍትን ካቃጠለ፥ ብዙ ሊቃውንትንም ከፈጀ በኋላ፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተድባበ ማርያም የዜማውን ምልክት ሠሩለት። ነገር ግን ምልክቱም ያለ መምህር አይናገርም። ስለዚህ ተማሪው ዐኮፋዳውን አንግቶ ቁራሽ እየለመነ፥ ድጓውንም በእጁ እየጻፈ፥ ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ ሲሄድ ኖረ።

ይህም ነገር የገፈርሳን ውኃ ይመስላል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ በገፈርሳ፥ ከተራራው የሚወርደው ውኃ በግድብ ተይዞ ይጠራቀማል፤ ከዚያም በቧንቧ ወደ ከተማው ይሄዳል። የሚጠጣው ሰው ውኃውን ያመሰግናል እንጂ ግድቡን አያስበውም፤ ግድቡ ባይኖር ግን የዘነበው ሁሉ በከንቱ ባለፈ ነበር። ጸጋ እንደ ዝናም ነው፥ መምህር እንደ ግድብ ነው፥ ምእመናንም እንደ ከተማው ናቸው።

ቀድሞ አድባራት መምህራንን በርስተ ጉልታቸው ያኖሩ ነበር። በ፲፱፻፷፯ ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ይህ መተዳደሪያ ቀረ። መምህሩ ቀለብ አጥቶ ጉባኤውን ቢያጥፍ ተማሪው ይበተናል፤ የተጠራ ልጅ ሳይጠፋ የሚያስተምረው ይጠፋል።

እንግዲህ ወጣቱ ድምፁ ስላማረ ብቻ ተጠርቻለሁ አይበል፤ ቃሉ አልያዝለት ስላለም አልተጠራሁም አይበል። መምህሩም የዘገየውን ተማሪ ፈጥኖ አያሰናብት፤ ከአክሱም ተገርፎ የሸሸው ልጅ ያሬድ ነበረና። ሀብት ያለውም ለመምህሩ ቀለብ፥ ለተማሪው ልብስ ይቍረጥ። ዐፄ ገብረ መስቀል የደም ዋጋ ሊከፍል ወድዶ ነበር፤ የዛሬው ባለጸጋ ደም ሳይፈስስ የእንጀራውን ዋጋ ቢከፍል ዜማው ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።