የመርፌ ልውውጥ፡- በሽታ ያስከፈተውን በር ድምፅ ሲዘጋው

የመርፌ ልውውጥ ሲባል ብዙ ሰው መንግሥት ለሱሰኛ መርፌ እያደለ በሱሱ እንዲገፋበት ያደረገ ይመስለዋል። አሠራሩ ግን እንዲህ ነው። አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ የሚወስድ ሰው የተጠቀመበትን አምጥቶ በማስወገጃ ሳጥን ይጥላል፤ ንጹሕ መርፌ ይዞ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ስሙን አይጠየቅም፤ የምስጢር ቁጥር ይበቃዋል። እግረ መንገዱን የኤች.አይ.ቪ. እና የሄፓታይተስ ምርመራ ያገኛል፤ ሱሱን መተው ከፈለገም የት እንደሚታከም ይነገረዋል። አገልግሎቱ በጤና ተቋም፣ በመድኃኒት ቤት፣ አንዳንዴም በመኪና እየዞረ ይሰጣል።

ሥራው እ.ኤ.አ. በ1984 አምስተርዳም ውስጥ ሲጀመር ግንባር ቀደሞቹ ራሳቸው የዕፅ ተጠቃሚዎች ማኅበር አባላት ነበሩ። ያሰጋቸውም ሄፓታይተስ ቢ ነበር።

የሕግ ሰው ነኝና ይበልጥ የሚስበኝ የአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት ጉዳይ ነው። በስኮት አውራጃ፣ ከአምስት ሺሕ ያነሰ ሕዝብ ባላት ኦስቲን ከተማና አካባቢዋ፣ ኦፓና የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ክኒን አሟሙተው በጋራ መርፌ ይወጉ በነበሩ ሰዎች መካከል ኤች.አይ.ቪ. ተዛመተ። ከኅዳር 2014 እስከ ኅዳር 2015 (እ.ኤ.አ.) 181 ሰዎች በቫይረሱ መያዛቸው ታወቀ። የግዛቲቱ ሕግ ደግሞ ልውውጡን አይፈቅድም። ይቃወሙት የነበሩት አገረ ገዥ ማይክ ፔንስ እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2015 በአስቸኳይ ትእዛዝ ለ30 ቀናት ፈቀዱ፤ በግንቦትም ሕጉ ተሻሻለ።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ቋጠሮ ነበር። መርፌ ይዞ መገኘት በሚያስከስስበት አገር "አምጥተህ ለውጥ" ማለት ወጥመድ ነው። ስለዚህ ለተመዘገቡት ካርድ ተሰጠ፤ ፖሊስ መርፌውን ቢያገኝ ካርዱን ያያል። ያለዚህ ማንም ዝር አይልም ነበር።

በነገራችን ላይ የፌዴራሉ ምክር ቤትም ከ1988 ጀምሮ ገንዘቡን ከልክሎ ነበር። የ2016 የበጀት ሕግ ለሠራተኛና ለምርመራ እንዲውል ሲፈቅድ መርፌ መግዣውን ግን ከለከለ። ሐኪም ቀጥሮ መድኃኒት መንፈግ ይሉታል ይህ ነው።

በስኮት አውራጃ አዲስ የሚያዘው ሰው በጣት የሚቆጠር ሆነ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 የአውራጃው ኮሚሽነሮች 2 ለ1 በሆነ ድምፅ አገልግሎቱ በዓመቱ መጨረሻ እንዲዘጋ ወሰኑ። ከመጠን በላይ ወስዶ ለሚሞተው መርፌውን የምናቀብለው እኛ ነን የሚል ነበር ክርክራቸው። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ገዳዩ ዕፁ ነው፤ መርፌ ያጣ ሱሰኛም የጎረቤቱን ይዋሳል። ኦስቲን በ2015 ያየችው ይህንኑ ነበር።